ቦታ የቀየረው ታሪክ

«‹ስሜ ሀያት ይባላል። ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው።›»

ደሳለው ይህን ያነበበው እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፁን አወፍሮ፣ ግራ እጁን ወደማይታይ ተመልካች ዘርግቶ ነው። ቅዳሜ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያነበው እሱ ስለሆነ ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ ልምምድ ይዟል። ፈርሂያ አጠገቡ ቁጭ ብላ መጽሔቶቹን በስቴፕለር እያያዘች ነበር። እጇ ስቴፕለሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

«አየሽ? ድምፄ ይመቻል አይደል!»

«ድምፅህን ተወውና ያነበብከውን ድገመው!»

ደገመው። ሦስተኛ ሳይደግመው ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ የመጨረሻው ገጽ ነው። ስሙ አለ። ወፍጮ ቤቱም አለ። ዓይኗ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ወረደና ከሁሉ የፈራችው ላይ አረፈ። «ከመጀመሪያዋ አሠሪዬ ቤት ጠፍቼ ስወጣ ተያዝኩ። አራት ወር እስር ቤት ነበርኩ። ለእናቴ ግን ስልኬ ተበላሽቶ ነው አልኳት።»

«ያ ረቢ!» አለች ፈርሂያ።

«ምን ነካሽ? አሪፍ'ኮ ነው። እንዲያውም ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ለዚህ ብዬ አይደል እንዴ ከመሃል አንስቼ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት?»

ፈርሂያ መስመሮቹን እንደገና አየቻቸው። እነዚያን ሦስት መስመሮች በራሷ እጅ አጥፍታቸዋለች። ስሙንም አጥፍታ «ስሜ ይቅር» ብላ ጽፋለች። ደስ ብሏት ሳይሆን ቃል ገብታ ነው ያጠፋችው። አሁን ግን ሁሉም እንደነበረ ተመልሶ፣ በሰባ ቅጂ ተባዝቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ነው። ባለፈው ኅዳር ከሳዑዲ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመለስ መካነ ሰላም ውስጥ ያልተነካ ሠፈር አልነበረም። የዘጠነኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ልጆች የተመላሾችን ታሪክ ሰብስበው መጽሔት ለማውጣት ተነሱ። ፈርሂያ የሀያትን ታሪክ ያዘች። ሀያት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ከቤታቸው በር ላይ በከፈተቻት ትንሽ ሱቅ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ያን ቀን ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገር አወራች። ፈርሂያም ሁሉንም ጻፈች፤ ወደ ኮምፒውተሩም አስገባችው።

በሦስተኛው ቀን ሀያት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ፈርሂያዬ፣ ስሜን ከጽሑፉ አውጪልኝ። የእስር ቤቱንም አውጪልኝ። ወላሂ ያን ቀን ምን እንዳስለፈለፈኝ አላውቅም። እናቴ እነዚያን አራት ወሮች እንቅልፏን ተኝታ ነው ያሳለፈቻቸው። ‹ስልክ ነው የተበላሸው› ብላ። ምን በድላኝ ነው አሁን የምቀማት?»

«አብሽሪ፣ አወጣዋለሁ።»

«ለማንም አትንገሪ ደግሞ። ለጓደኞችሽም።»

«ወላሂ አልናገርም» ብላ እጇን ሰጠቻት። በዚያው ቀን አወጣችው። ለደሳለውም አልነገረችውም። ታዲያ ከየት ተመለሰ?

ከየት እንደተመለሰ ግን ታውቃለች። እያወቀች ነው የምትጠይቀው።

የኮምፒውተር መምህራቸው አለምነው ሥራውን ሲያከፋፍሏቸው አንድ ሥርዓት አበጅተውላቸው ነበር። አንድ «እናት ቅጂ» አለች፤ እሷ በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች፣ ማንም አይነካትም። ፈርሂያና ደሳለው እያንዳንዳቸው ከእናቲቱ የተገለበጠ ቅጂ በፍላሽ ይዘው የየራሳቸውን ይሠራሉ። ፈርሂያ ቃላት ታርማለች፤ ደሳለው ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል። በመጨረሻ ሁለቱ ቅጂዎች ከእናቲቱ ጋር እየተነጻጸሩ አንድ ይሆናሉ። ይህን የማዋሃድ ሥራ የተሰጠው ለፈርሂያ ነው። «አንቺ ዓይንሽ አይስትም» ብለው ነበር የሰጧት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። «ኮምፒውተሩ ‹ተዛወረ› የሚባል ነገር አያውቅም» አሉ። «አንድ ታሪክ ከላይ አንስታችሁ ወደ ታች ብታደርጉት ለእሱ ከላይ አንድ ነገር ጠፋ፣ ከታች ሌላ አዲስ ነገር መጣ ነው። ቤት የቀየረ ሰው ዕቃ በድሮው ቤቱ ቢላክለት ማን ይቀበልለታል? ስለዚህ ያዛወረ ሰው ይመዝግብ። የሚያዋህደው ደግሞ የተዛወረውን ነገር በሁለቱም ቦታ ያንብብ። በድሮው ቦታ የተደረገ እርማት ካለ በእጁ ወደ አዲሱ ያሻግር። ማሽን አያሻግርላችሁም!» ለዚሁ ብለው ባለሰማያዊ ሽፋን ደብተር ገዝተው «የዝውውር ደብተር» ብለው ጻፉበት።

ደሳለው የሀያትን ታሪክ ሲያዛውር ደብተሩ ላይ አልጻፈም። ይሄ እውነት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ፈርሂያ ለማዋሃድ ስትቀመጥ ግን ማሽኑ አሳይቷት ነበር። ከላይ፣ በድሮው ቦታ፣ የሀያት ታሪክ በቀይ መስመር ተሰርዞ ቆሟል፤ በመሃሉም የራሷ እርማት፣ «ስሜ ይቅር» የሚለው፣ በሌላ ቀለም ብቅ ብሏል። ከታች ደግሞ ያው ርእስ፣ ያው ታሪክ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። ከጠፋ እስከ ነገ አይመጣም። «ሁለት ጊዜ ገብቷል እንዴ! አንዱ ይበቃል» አለችና የላይኛውን አጠፋችው። ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። የታችኛውን አንድ ጊዜ ላንብበው ብላ አስባ ነበር። «አንድ ነው ባክሽ» አለች ለራሷ፣ ፋይሉን ሴቭ አደረገችና ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው ግን የሷ ዱቄት አልነበረም።

መምህር አለምነው ገቡ። የቀለም እድፍ ያለበት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው፤ ከማባዣው ማሽን ክፍል መምጣታቸው ነው።

«ምነው ፊታችሁ እንዲህ ሆነ?»

ፈርሂያ ገጹን ዘረጋችላቸው። «ቲቸር፣ ይሄ መውጣት የለበትም። የታሪኩ ባለቤት ስሟ እንዲጠፋ ጠይቃኝ አጥፍቼው ነበር። አሁን ተመልሷል።»

አነበቡት። አንዴ ቀና ብለው ሁለቱንም አዩና ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረዱ። ገጹን ገለጡ፤ ጣታቸው መስመሮቹን ተከትሎ ወረደ።

«ይሄ ታሪክ በእናት ቅጂዋ ገጽ አሥራ አራት ላይ ነበር። ማነው ያዛወረው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ ደሳለው። ድምፁ አሁን የሬዲዮ ድምፅ አይደለም።

«የት ጻፍከው?»

«ረሳሁት።»

«ረሳሁት!» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ይቺ ልጅ እኛን አምና ነው የተናገረችው። የሰው ገመና'ኮ ነው ደሳለው! ካፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል አልሰማህም?»

ደሳለው አንገቱን ደፋ። ፈርሂያ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። «ቲቸር፣ እኔም…» ልትል ነው።  መምህሩ ወደሷ ዞር ብለው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ እንኳን ደረስሽበት» አሏት። «እንኳን» ባይሏት ኖሮ ትናገር ነበር ይሆናል። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ነገ ጠዋት መብራት ካለ ያን ገጽ አርመን እናባዛዋለን። ከሌለ እንቀደዋለን፤ መጽሔቱ ጎዶሎ ይወጣል እንጂ በዚህ አይወጣም» አሉ መምህሩ። ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ደብተሩ ላይ ጻፉ። «ደሳለው ሳይመዘግብ አዛወረ።» ከዚያ ክዳኑን ገጠሙና፣ «ቅዳሜ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው ያነባል» አሉ።

ደሳለው ራሱን ነቀነቀ። ፈርሂያ ግን ታውቃለች፤ እናቱ ወይዘሮ በዛች ልጇ መድረክ ላይ ሲያነብ ለመስማት ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው ከገጠር በእግራቸው ሊመጡ ነው። ይህን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ነበር።

መምህሩ ሲወጡ ደሳለው ቀስ ብሎ፣ «ሌላም ጉድ አለ» አላት።

«የምን ጉድ?»

«አንዱን ቅጂ በምሳ ሰዓት ለሁዜይፋ ሰጥቼዋለሁ። ‹የእህትህ ታሪክ አለበት፣ ለእናትህ አንብብላት› ብዬ። ደስ ይላቸዋል ብዬ'ኮ ነው ፈርሂያ!»

ሁዜይፋ የሀያት ታናሽ ወንድም ነው።

ፈርሂያ ቦርሳዋን እንኳን አላነሳችም። ከትምህርት ቤቱ በር ወጥታ አቧራማውን ዳገት ሮጠች። ከኋላዋ የጭነት መኪና መጥቶ በአቧራ ሸፈናት፤ አላቆመችም። ለእናቱ ቢያነብላቸውስ? ሁሉንም ሰምተው ጨርሰው ቢሆንስ? ሁዜይፋ ኳስ ካየ የሚረሳ ልጅ ነው። «አላህ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ ኳስ ይኑር» እያለች ሮጠች።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ የሀያትን እናት፣ እትዬ ሩቂያን፣ ከበራቸው ላይ ቁርበት ዘርግተው ምስር ሲለቅሙ አየቻቸው። መጽሔቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። አቧራ እንዳይነካው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል።

«አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ ሩቂያ።»

«ወዐለይኩም ሰላም የኔ ሸጋ! ምነው እንዲህ አለከለክሽ? ነይ ተቀመጪ። አላህ ነው ያመጣሽ። ያ ዋልጌ ይሄን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጎ ‹የሀያት ታሪክ ነው፣ ስመለስ አነብልሻለሁ› ብሎ ኳሱ ጋ በረረ። ፊደል የቆጠርሽ አንቺ ነሽ፤ በይ አንብቢልኝ።»

ፈርሂያ ትንፋሿ ተመለሰላት፤ ወዲያውም መልሶ ጠፋ። መጽሔቱ በእጇ ገባ።

«አሁን… ትንሽ ስህተት አለበት እትዬ፣ ወስጄ ላሳርመውና…»

«ስህተቱ ምን ያደርገኛል? እኔ እንደሁ ስህተቱን አላውቀው!» ብለው ሳቁ።

ሀያት ከሱቋ መስኮት አንገቷን አወጣች። ፊቷ ፈገግ ብሏል። ለፈርሂያ ዓይኗን ጠቀሰቻት። «አንብቢላት እንጂ፤ ምን ያስፈራሻል? አብረን አይደል ያስተካከልነው?» አለቻት። የታረመው ቅጂ መስሏታል። ያመነችው ፈርሂያን ነው።

ፈርሂያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ፊደሎቹ እንደ ቆሎ ሲፈናጠሩባት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱ «ስሜ ሀያት ይባላል» የሚለውን እያየች፣ «ስሜ ይቅር» ብላ ጀመረች።

«ስሜ ይቅር። የወሎ ልጅ ነኝ። ከቤት የወጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው…»

ያረመችውን እያንዳንዱን ቃል ታስታውሰዋለች። ዓይኗ በወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ አፏ ደግሞ የራሷን ቅጂ ይናገራል። ስለ መጀመሪያዋ አሠሪ ቤት አነበበች። በሌሊት ስለሚታጠበው ደረጃ አነበበች። ከዚያ ሦስቱ መስመሮች መጡ። ወፍጮው ድው ድው ይላል። ፈርሂያ ዘለለቻቸው።

«…በኋላ ሌላ ቤት ገባሁ። ሴትዮዋ ደግ ነበረች። በየሳምንቱ ዓርብ ለእናቴ እደውልላት ነበር።»

እትዬ ሩቂያ ምስር መልቀማቸውን ትተው ነበር። ፈርሂያ ስትጨርስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አላህ ይጨምርልሽ ልጄ። ሁሉ ልክ ነው። ሀያት አንዷን ብቻ ዘለለቻት፤ ያኔ ስልኳ ተበላሽቶ አራት ወር ሙሉ ድምጿን ያጣሁትን። እሱን አልጻፈችውም?»

ፈርሂያ ወደ መስኮቱ ቀና አለች።

«እሱ ምኑ ይጻፋል እማ፣ የስልክ ነገር» አለች ሀያት ከመስኮቱ።

«እሱስ ልክ ነሽ። ስልክ ነው ብዬ ነው እኔም የተኛሁት። ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ በእግሬ የምቆምም አይመስለኝ።» ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ። የአሱር ሶላት ደርሶ አዛኑ ይሰማል። «ውዱእ ላድርግ። እንዳትሄጂ፣ ዳቦ አለ» ብለው ወደ ጓሮ ገቡ።

ሀያት በሱቋ በር ወጥታ መጣች። ፈገግታዋ አሁንም ፊቷ ላይ አለ። ፈርሂያ ምንም ሳትል ገጹን እንደተገለጠ ሰጠቻት። ሀያት አነበበች። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ፤ ከንፈሯ ነጣ።

«ይሄን ነው ስታነቢ የነበረው?»

«አዎ።»

«ስንት ሰው እጅ ገብቷል?»

«ከዚህ በቀር አልወጣም። የቀረው ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። አይወጣም፣ ወላሂ!»

«ወላሂ አትበይ» አለች ሀያት። «ያን ቀንም ወላሂ ብለሽኛል።»

ፈርሂያ መሬቱን አየች። የተበተኑ ምስሮች አሉ። ሀያት ጎንበስ ብላ ፊቷን ፈለገችው።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

የደሳለው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ውሸት እንኳን አይሆንም። አዛውሮታል፤ አልመዘገበም፤ መምህሩም በቀይ ጽፈውበታል፤ እሱም አምኗል። ሀያት ደሳለውን አታውቀውም፤ ብትጠላው የትም አታገኘው። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ፈርሂያ ደሳለውን አንገቱን እንደደፋ አየችው፤ «እንኳን ደረስሽበት» የሚለውንም ድምፅ ሰማችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጓደኛዬ ቦታውን ቀየረው እንጂ ያጠፋሁት ነገር መኖሩን እንኳን አላወቀም። ሁለቱም ፊቴ ነበሩ። ያረምኩልሽን አጥፍቼ ያልታረመውን የተውኩት እኔ ነኝ። አላነበብኩትም ሀያትዬ። ቸኮልኩ።»

ማልቀስ አልፈለገችም፤ እንባው ግን መጣ። ሀያት «አይዞሽ» አላለቻትም።  የመጨረሻውን ገጽ ከስቴፕሉ ላይ በጥንቃቄ ገንጥላ አራት ጊዜ አጠፈችውና በጡቷ ሥር ሸሸገችው። የቀረውን መልሳ ለፈርሂያ ሰጠቻት።

«እናቴ መጽሔቱን ትፈልገዋለች» አለች። «ነገ ሌላ አምጪላት። ያነበብሽላትን።»

ዓርብ ጠዋት ፈርሂያ ከደወሉ በፊት ትምህርት ቤት ደረሰች። ዘበኛው ጋሽ ሙላው የኮምፒውተር ክፍሉን እየከፈቱላት «ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለሽ?» አሏት። «ዛሬስ አልቸኮልኩም ጋሼ» አለቻቸው። መብራት አለ።

ፋይሉን ከፈተች። በገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ ያለውን ታሪክ ቃል በቃል አነበበችው፤ እርማቶቿን አንድ በአንድ በእጇ አሻገረች። ሦስቱን መስመሮች አጠፋች። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያ አነበበችው፤ ከዚያም አንዴ ድምፅ አውጥታ። ደሳለው ታሪኩን መጨረሻ ላይ ማድረጉ ልክ ነበር። እዚያ ያምራል።

ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር አወረደች። የመምህሩ ቀይ መስመር በጉልህ ይታያል። ትንሽ ተመለከተችውና ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈች።

«ማክሰኞ። ታሪኩ መዛወሩን ማሽኑ አሳይቶኛል። በድሮው ቦታ የነበረውን እርማት ወደ አዲሱ ሳላሻግር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አላነበብኩም። ሐሙስ ይህን ለቲቸር መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። መድረኩ የደሳለው ነው። ፈርሂያ።»

ደብተሩን አልዘጋችውም። እንደተገለጠ በመምህሩ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከውጭ የመምህሩ ሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ፤ በሩ ላይ ደርሶ ጠፋ። ፈርሂያ ከክምሩ የመጀመሪያውን መጽሔት አነሳችና በጥፍሯ የስቴፕሉን ሽቦ መንቀል ጀመረች።